በናፍጣ የሚሠራ የብየዳ ማሽን፦ ከደሴ ሥራዬ

የመብራት መስመር ወደማይደርስበት ቀበሌ ለብየዳ ስንወጣ፣ ከኮምቦልቻ ጭነነው የምንሄደው ማሽን ሞተርም ጄኔሬተርም በመሆኑ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት ማሽኑን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆማለሁ፤ ያዘነበለ ማሽን የዘይቱን ልክ በትክክል አያሳይምና።

ከሁሉ አብልጬ የምፈራው የሞተሩን ጭስ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲበረታ ረዳቴ «ጋሼ፣ ማሽኑን ወደ መጋዘኑ እናስገባው፤ በሩን እንከፍተዋለን» አለኝ። እንቢ አልኩት። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይገድላል፤ የተከፈተ በር ብቻውን አያድንም። በዝናብ መበየድም፣ እርጥብ ጓንትና እርጥብ መሬት ኤሌክትሪኩን ወደ ሰውነት ስለሚያሳልፉ፣ አይታሰብም። ሥራውን አቁመን እስኪያባራ ጠበቅን።

ሌላው የከፍታው ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ላይ በቀላሉ የተሸከመውን የብየዳ ጭነት እዚህ ጥቁር ጭስ እየተፋ ቢሸከም አልደነቅም፤ አምፔሩን (የብየዳውን ኤሌክትሪክ መጠን) ዝቅ አደርጋለሁ እንጂ አላስጨንቀውም። ለ3.2 ሚሊ ሜትር ተራ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ከ90 እስከ 130 አምፔር ይበቃል።

የመልሱን ገመድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ማሽኑ የሚመለስበትን) ዝገቱ በተፋቀ ብረት ላይ፣ ከብየዳው አጠገብ አስራለሁ። ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ያለ ጭነት፣ ማለትም ሳንበይድበት፣ 5 ደቂቃ ያህል ከዞረ በኋላ አጠፋዋለሁ፤ ናፍጣ የምሞላውም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።