የተሳቢ መብራትና የጅቡቲ ጨው

ጅቡቲ የሚመላለስ ተሳቢ ያላችሁ፣ እስቲ የመብራት ሶኬቱን ክዳን ከፍታችሁ እዩት። ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ነገር ካያችሁ ጨዋማው የባሕር እርጥበት መዳቡን እየበላው ነው። ፍሬቻ ስታበሩ የፍሬን መብራቱም አብሮ ብልጭ ድርግም ካለ ደግሞ ቀድሞ የሚጠረጠረው የኔጌቲቭ መስመሩ ነው፤ ዝም ብሎ አምፖል መቀያየር ብር መጣል ነው። ባትሪውን ንቀሉና ፒኖቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፈትጉ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ከዚያ ለኤሌክትሪክ የተሠራውን ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የኩሽኔታ ግሪስ ግን ይቅርባችሁ፣ የአፋርን አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ነው የሚሆነው። ሽቦ ስትቀጥሉ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለልማ ጭራሽ አይሆንም፤ ውሃው ሾልኮ ይገባና እዚያው ይቀመጣል። መጋጠሚያውን በሙቀት የሚኮማተር ላስቲክ አልብሱት። ክዳኑ አልገጥም ካለ ሶኬቱን ቀይሩ።