ይፋጠንልኝ ወይስ ይጣደፉልኝ?

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የማመልከቻ ረቂቅ ይዛ መጣች። የቤት ካርታ ጉዳይ ነው፤ ስትመላለስ ስምንት ወሯ። በእርሳስ «ጉዳዬን እንድታጣድፉልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ብላ ጽፋለች። ሳቄ መጣ። አስራ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ሳርም ኖሬያለሁና እጄ ቀድሞኝ «እንዲፋጠንልኝ» ብሎ አረመው።

«ምን ልዩነት አለው? ሁለቱም ቶሎ ማለት አይደል?» አለችኝ።

አፌን ያዘኝ። ቡናው እስኪፈላ ሳስበው ቆየሁ።

የሚፋጠነው ሥራው ነው፤ ግንባታው፣ ውሳኔው፣ ክፍያው። የሚጣደፈው ግን ሰው ነው፣ ያውም ትንፋሹ እስኪቆራረጥ። እናቴ ጠዋት ጠዋት «ልጁን አታጣድፊው፣ ትን ይለዋል» ትለኛለች። «አታፋጥኚው» ብትል ልጁ ሞተር የተገጠመለት ይመስል ነበር። በሽታም ያጣድፋል። አተት የምንለው «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ሲያጥር ነው፤ «ፈጣን ተቅማጥ» ቢባል ማን ይደነግጣል?

ማቻኮል ከማጣደፍ ትንሽ ለስለስ ይላል፤ ወቀሳው ግን አለበት። አፍሳ የለቀመችው «የቸኮለች» እንጂ «የፈጠነች» አይደለችም። የሚገርመኝ ከዚሁ ከችኮላ የወጣው «አስቸኳይ» ቢሮ ሲገባ መከበሩ ነው። አስቸኳይ ስብሰባ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ። ችኮላ ነውር፣ አስቸኳይ ማዕረግ!

ማቀላጠፍና ማሳለጥ ደግሞ ከናካቴው ስለ ፍጥነት አይመስሉኝም። እንቅፋት ስለማንሳት ነው። አማርኛው የሚቀላጠፍለት ሰው የግድ ቶሎ ቶሎ አያወራም፤ አይደናቀፍም እንጂ። የአዲስ አበባው ጎተራ ማሳለጫም የተሠራው መኪኖች ሳይጋጩና መብራት ሳይጠብቁ እንዲያልፉ ነው። (ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ እዚያ የቆመ ሰው ስሙን ቢጠራጠር አልፈርድበትም።)

ጥርሴን የሚያስነክሰኝ «ሂደቱን የማፋጠን ሥራ እየተሠራ ይገኛል» የሚለው ነው። ሲያጋጥመኝ ዳር ላይ በቀይ «ማን? እስከ መቼ?» ብዬ እጽፋለሁ። ብዙ ጊዜ ረቂቁ ተመልሶ አይመጣም።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ አስረዳኋት። ሁለተኛውን ስኒ እየጠጣች ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«እንግዲያው የኔን መልሺልኝ» አለች። «ስምንት ወር ሙሉ የተጣደፍኩት እኔ ብቻ ነኝ። እስቲ እነሱም ትንሽ ይጣደፉ።»

ላጲሱን አቀበልኳት።