የአባዬን ቢላ ይዤ ከለገሃር እስከ ፒያሳ

ከአሰላ በሌሊት ተነስቼ አዲስ አበባ የገባሁት ለአንድ ነገር ነው፣ ለአባዬ ቢላ አፎት ላሰራ። የዱሮው ተበጣጥሶ ካለቀ ቆየ፣ ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ነው የመጣሁት።

አባዬ የደጋ አጋዘን ሊያድኑ አርሲና ባሌ የሚመጡ ፈረንጆችን በላንድክሩዘር ያመላልስ ነበር፣ አንዱ ሊሄድ ሲል ሸለመው። የማይታጠፍ፣ ስለቱ 11 ሴንቲሜትር ከምናምን፣ ጀርባው ወደ 5 ሚሊ የሚወፍር፣ ኮልድ ስቲል የሚባለው የአሜሪካ ቢላ ኩባንያ ያወጣው ማስተር ሀንተር የሚባል የአዳኝ ቢላ ነው፣ እጀታው ደግሞ ጥቁር ጎማ። ልጅ ሆኜ እጀታውን ሳየው የመጥበሻ እጀታ ነበር የሚመስለኝ እና ፈረንጁ ርካሹን ነው የሰጠው እል ነበር።

ለገሃር ከባቡር ወርጄ በቸርችል ሽቅብ ተያያዝኩት። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ስደርስ ቡና አማረኝና አንድ ህንፃ ልገባ ስል በቃ ፍተሻ! ፈታሿ ጋዜጣውን ገልጣ አየችውና "ወንድሜ፣ በግ ልታርድ ነው?" አለችኝ፣ ከጀርባዬ ያለው ሰልፍ በሙሉ ሳቀብኝ። እውነቷን ነው፣ ቢላ ይዞ መሀል ከተማ የሚዞር ሰው ጤነኛ አይመስልም። ቡናውን ትቼው መንገድ ዳር ካለች ጀበና ጠጣሁ።

ከፖስታ ቤት ከፍ ብሎ ያሉት የባህል እቃ ሱቆች አንዱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ። የቀንድ እጀታ ያለው ጩቤ፣ ጎራዴ፣ የአፋር ጊሌ ደርድረዋል። የኔን ሲያዩ ፊታቸውን አጨፈገጉ፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ ጎማ ነው፣ ጎማ ማን ይሰበስባል?"

ይሰበስባሉ ጋሼ፣ አልኳቸው። ስለዚህ ነገር ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ሰሚ ሳገኝ ደግሞ አልችልም። አሜሪካኖቹም እኮ መጀመሪያ ቀንድና እንጨት ነበር፣ ከዛ ቆዳ በክብ በክብ እየቆረጡ መደራረብ መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የባህር ኃይል እግረኞቻቸው የያዙት ካባር የሚባለው ቢላ እጀታው እንደዛ ነው፣ ግን ቆዳ እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል። ቀንድ ደግሞ በደረቅ አየር ይሰነጠቃል፣ እንስሳ ስትገፍ እጅህ ደምና ሞራ ሲሆን ያዳልጣል፣ ያዳለጠ እጅ ስለቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ ነው ክራተን የሚባለው፣ ሼል የነዳጅ ኩባንያው ያወጣው ጎማ መሰል ነገር፣ የአዳኝ ቢላ ላይ የመጣው። ሰብሳቢዎች ለረጅም ጊዜ ንቀውት ነበር፣ የስራ እቃ ነዋ፣ የስራ እቃ ደግሞ ተሰርቶበት ያልቃል፣ አሁን ያልተሳለ ከነካርቶኑ ማግኘት ከባድ የሆነውም በዚሁ ነው። የኔው ስለት ላይ "ካርቦን ቪ" የሚል ማህተም አለ፣ የብረቱ ስም ነው፣ በዚህ ብረት ቢላውን ይሰራ የነበረው ካሚለስ የሚባል የኒውዮርክ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘጋ፣ ከዛ ወዲህ የመጡት በሌላ ብረት ነው የተሰሩት፣ ስለዚህ ሰው ማህተሙን እያየ ነው የሚገዛው።

የኔን ግን ሰብሳቢ አይነካውም። አባዬ ሹፌር አይደል፣ ባገኘው ቁጥር በናፍጣ ሲወለውለው ኖሯል፣ ክራተን ደግሞ ነዳጅና ዘይት አይወድም፣ የእጀታው ጫፍ አብጦ እንደ ማስቲካ ለስልሷል። ብትጫነው የአውራ ጣትህ ምልክት ትንሽ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። እኔ የምወዳት እሷኑ ቦታ ነው።

ሽማግሌው ዝም ብለው ሰሙኝና እጀታውን ጨበጥ ለቀቅ አደረጉት። "ለእጅስ ደግ ነው" አሉ። ከዛ ወዲያው ጊሌውን በስንት እንደሚሸጡልኝ መንገር ጀመሩ፣ ነጋዴ ምን ታደርገዋለህ።

ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ፣ ሴባስቶፖልን በቆምኩበት ፎቶ አንስቼ፣ ዳገቱን እያለከለክሁ ፒያሳ ወጣሁ። የማውቀው ሰፈር ግማሹ ፈርሶ መንገድ ሆኗል፣ ሰው እየጠየቅሁ ነው አንድ ጫማ ሰፊ ያገኘሁት። ወፍራም የበሬ ቆዳ አወጣ፣ ቢላውን ወረቀት ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን በእስክርቢቶ ሳለ፣ ቆዳውን በራሱ ካራ ሊቆርጥ ሞክሮ እንቢ ሲለው "እስቲ ያንተን" አለና አንዴ ሳብ ሲያደርገው ቆዳው እንደ ወረቀት ሄደ። ቀና ብሎ አየኝ። "ይሄን ሽጥልኝ!"

አይሸጥም አልኩት። ድርብ ስፌት ሰፍቶ፣ ጫፉን በሰም አሽቶ ሲያስረክበኝ አመስግኜ ቢላውን መልሼ በጋዜጣ ጠቀለልኩት።

"አትከተውም እንዴ?"

ቆዳ የሚለፋበት ነገር አሲድነት አለው፣ እርጥበትም ይይዛል፣ እንዲህ ያለ የማይዝግ ያልሆነ ብረት ውስጡ ከከረመ ዝገት ይበላዋል፣ ለዚህ ቢላው ለብቻ አፎቱ ለብቻ ነው የሚቀመጠው ብዬ አስረዳሁት።

"ታዲያ ምን ሊሆንህ ነው እስካሁን ያስለፋኸኝ?"

ሂሳቡን ከፍዬ ታክሲ ፍለጋ ወረድኩ።