ከኪሎ ሜትር ወደ ሰዓት፦ የጭነት ድርጅታችን የፋብሪካዎችን ለውጥ የተከተለበት መንገድ

በአንድ የጭነትና የመጋዘን አገልግሎት ድርጅት ውስጥ በሥራ ሂደት ኃላፊነት በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ደንበኞቻችን የሆኑት ፋብሪካዎች አመራረታቸውን ከሥሩ ለውጠዋል። ቀድሞ አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት አምርተው በሙሉ መኪና ያስጭኑ የነበሩት፣ ብዙ ዓይነት ዕቃ በትንሽ በትንሹ ማምረትና ጥሬ ዕቃንም ለሳምንታት ከማከማቸት ይልቅ በሚፈለግበት ሰዓት መቀበል ጀመሩ። የእኛ ዋጋ ግን የሚሰላው በቶንና በኪሎ ሜትር ነበር፤ ይህ ስሌት መኪናው እስኪሞላ ድረስ መጠበቅን የሚያበረታታ ሲሆን ፋብሪካው ደግሞ መኪናው ባይሞላም በሰዓቱ እንዲደርስለት ይፈልግ ነበር።

ለውጡን የጀመርኩት የስምሪት ሠራተኞቻችንን ወደ ደንበኞቻችን የምርት መስመር በመላክ ነው። እስከዚያ ድረስ ጭነትን የሚያውቁት በክብደቱና በመድረሻው ብቻ ነበር። በመስመሩ አጠገብ ቆመው ሲመለከቱ ግን አንዲት ካርቶን ብሎን ብትዘገይ ሙሉ የመገጣጠሚያ መስመር ሊቆም እንደሚችል፣ በአንጻሩ ብዙ ቶን የሚመዝነው የብረት ላሜራ ቢዘገይ ፋብሪካው በእጁ ባለው ክምችት ሊሠራ እንደሚችል ተረዱ። ከዚያ በኋላ ጭነቶችን የመደብናቸው ፋብሪካው ያለ እነርሱ ስንት ሰዓት ሊሠራ ይችላል በሚለው ጥያቄ ነው። ካደረግናቸው ለውጦች ሁሉ ከፍተኛ ውጤት ያስገኘው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ወጪውም ከሁሉም ያነሰ ነበር።

ቀጥሎ የዙር ጭነትን አደራጀን። አንድ መኪና በቋሚ ሰሌዳ ወደ በርካታ አቅራቢዎች እየሄደ ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ይሰበስባል፤ ባዶ ፓሌቶችን (ዕቃ የሚደረደርባቸውን የእንጨት መደቦች) እና ሳጥኖችንም በዚያው ጉዞ ይመልስላቸዋል። አሠራሩ በወረቀት ላይ ቀላል ቢመስልም አንድ አቅራቢ ሲዘገይ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ስለሚዘገዩ፣ መኪናው የተመደበለት ደቂቃ ሲያበቃ ያልተዘጋጀውን ዕቃ ትቶ እንዲሄድ ከፋብሪካው ጋር በጽሑፍ ተስማማን። አቅራቢዎች መጀመሪያ ላይ ተቆጥተው ነበር፤ ሰሌዳው እንደማይለወጥ ካዩ በኋላ ግን ዕቃቸውን አስቀድመው ማዘጋጀት ለመዱ። የአጫጫኑ ሥርዓትም ተለወጠ፤ በፋብሪካው መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይጫናል፣ ሾፌሩም ከመነሳቱ በፊት የጭነት ዝርዝሩ ለተረካቢው ይላካል።

መጋዘናችንም ከማስቀመጫነት አልፎ የምርቱ የመጨረሻ ምዕራፍ የሚጠናቀቅበት ቦታ ሆነ። ደንበኞች ዕቃው ያለ መለያ ወረቀት እንዲቀመጥና ትእዛዝ ሲመጣ በገዢው ቋንቋና መጠን እንዲታሸግ፣ ለአንድ ምርት የሚያስፈልጉ ክፍሎችም በአንድ ሳጥን ተሰብስበው እንዲላኩ ጠየቁን። ይህን ሥራ የሚቀበል ድርጅት በሳጥኑ ውስጥ አንድ ክፍል ቢጎድል ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ በውሉ ላይ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ክፍል ሲገባ ባርኮዱ እንዲነበብ የተደረገው ለዚህ ነው።

ስለ ክምችት ያለኝ አቋም ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ይለያል። በሰዓቱ የመቀበል አሠራር ግሩም ነው፤ ነገር ግን አንድ አቅራቢ ብቻ ላለው ክፍል አይበቃም። በዚህ አሠራር ስሙ የሚነሳው ቶዮታ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ከተመታች በኋላ አቅራቢዎቹ ከ2 እስከ 6 ወር የሚበቃ የቺፕ (የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ የሚያሠራ ጥቃቅን ክፍል) ክምችት እንዲይዙ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ የሱዌዝን ቦይ ለ6 ቀናት በዘጋች ጊዜም የዓለም ንግድ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ምን ያህል እንደተንጠለጠለ ሁሉም አይቷል። እኛም ከደንበኞቻችን ጋር ተቀምጠን ምትክ የሌላቸውን ክፍሎች ለየን፤ እነርሱን ብቻ በፋብሪካው አቅራቢያ በመጠባበቂያነት ማስቀመጥ ጀመርን።

የሚመረተው ዕቃ ራሱ ሲለወጥ ደግሞ ሌላ ዕውቀት ያስፈልጋል። የሊቲየም ባትሪ በዘጠነኛው የአደገኛ ዕቃዎች ምድብ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን በጭነትነት እንዳይሄድ ተከልክሏል፤ በጭነት አውሮፕላን ሲላክም ከአቅሙ ከ30 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ተወስኗል። ስለዚህ የሰነድ ሠራተኞቻችንንና የመጋዘን ጠባቂዎቻችንን ደንበኛው ሳይጠይቀን አሠለጠንን፤ የባትሪ ሥራ ሲመጣም ዝግጁ ሆነን ተገኘን።

በመጨረሻ የተለወጠው ውላችን ነው። አሁን ክፍያው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለተጓዘው ጭነት፣ ሌላው ደግሞ መኪናው፣ ሾፌሩና መጋዘኑ ተዘጋጅተው ለሚቆዩበት ጊዜ ይከፈላል። ደንበኛው በበኩሉ የምርት ዕቅዱን አስቀድሞ ያሳውቀናል፤ ዕቅዱ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲለወጥ ተጨማሪውን ወጪ እርሱ ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በደረሰው ጥቃት ምክንያት መርከቦች አፍሪካን ዞረው መጓዝ ሲጀምሩና ጉዞው 10 ቀንና ከዚያ በላይ ሲረዝም፣ ወጪውን ማን ይሸፍን በሚለው ላይ ከደንበኞቻችን ጋር አልተከራከርንም። የመጠባበቂያውን መጠን እንዴት እናሳድግ፣ የትኛውስ ክፍል በአየር ይምጣ የሚለውን በዚያው ሳምንት ወስነን ወደ ሥራ ገባን።