ራማት ፖሌግ፦ ባሕሩ ቤት የሚገባበት ሰፈር

ከቴል አቪቭ ወደ ሰሜን በ2 ቁጥር አውራ ጎዳና ተጉዘን የደረስንበት የነታንያ ደቡባዊ ሰፈር ራማት ፖሌግ ይባላል። ነታንያ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ዘመድ ጥየቃም ሆነ ቤት ፍለጋ የሚመጣ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥታው ግን ከነጨዉ ነው።

ረፋድ ላይ ነፋሱ ከባሕር ይነሳል። የሚያመጣው ጨውና እርጥበት መጀመሪያ የሚያጠቃው ብረት ነው። ስለዚህ ቤት ስናይ ግድግዳው በመቀባቱ አንታለል፤ በረንዳው ላይ ያለውን የኤር ኮንዲሽነር የውጭ ክፍል ጎንበስ ብለን እንየው። ስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹ በጣት ሲነኩ እንደ አመድ ከረገፉ ጨው በልቷቸዋል፤ ማሽኑ መብራት ይፈጃል እንጂ አያቀዘቅዝም። ክንፎቹ ደህና ከሆኑ መብራቱን አጥፍቶ በወር አንዴ ንጹህ ውሃ ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ዕድሜውን ያራዝመዋል። ትሪስ የሚሉት የመስኮት መዝጊያ ሐዲድም እንዲሁ መታጠብ ይወዳል፤ አለዚያ መሃል ላይ ተጣብቆ ይቀራል።

በብርዱ ወራት ሻጋታው ይመጣል። ቁም ሣጥን ከውጭው ግድግዳ ጋር ከተጣበቀ የክፍሉ ሙቅ አየር ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ በመካከላቸው የአንድ መዳፍ ስፋት ክፍተት እንተው። እንጀራም ደጋ ላይ እንደለመድነው ውጭ አይሰነብትም፤ የዕለቱን አስቀርቶ የተረፈውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ነው። በርበሬ በረንዳ ላይ ያሰጣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ያስገባው፤ የሌሊቱ ጤዛ መልሶ ያረጥበዋል።

ወደ ባሕሩ ስንወርድ መጀመሪያ የምናየው ባንዲራውን ነው። ነጭ ከሆነ መዋኘት ይቻላል፣ ቀይ ከሆነ አደገኛ ነው፣ ጥቁር ከሆነ መግባት ክልክል ነው። ወደ ጥልቁ የሚስብ ጅረት የያዘው ሰው ፊቱን ወደ ዳር አዙሮ አይታገል፤ ጉልበቱ ያልቃል። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኝቶ ከጅረቱ ሲወጣ ነው መመለስ የሚችለው። በሐምሌ ሜዱዛ የሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ ከነደፈን ቦታውን በባሕሩ ውሃ እንጠበው እንጂ በአሸዋ አንሸው፣ ኮምጣጤም አናፍስበት።

ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት ለሚመጣ ሰው ግን እኔ የምመክረው ከሰፈሩ አጠገብ ያለውን የአይሪስ አበባ ጥብቅ ቦታ ነው። አበባው ከአሸዋው ይወጣል፤ ቀለሙ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው። መቅጠፍ ክልክል ስለሆነ ከመንገዱ ሳንወጣ ቁጢጥ ብለን እናየዋለን።