ስኮፕ ወይስ ሬድ ዶት? የጠመንጃዬን ማነጣጠሪያ የመረጥኩበት መንገድ

ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ ልግዛ ስትሉ ሁሉም ሰው ስለ ርቀት ያወራችኋል። ለቅርብ ሬድ ዶት (ቀይ ነጥብ የሚያሳይ፣ የማያጎላ ማነጣጠሪያ)፣ ለሩቅ ስኮፕ (ዒላማውን የሚያጎላ ባለ ሌንስ ቱቦ)። እኔም የጠየቅኳቸው ሁሉ የመለሱልኝ ይህንኑ ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ለመምረጥ ግን አይበቃም። የኔን ምርጫ የወሰነው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ምላጩን ከመሳቤ በፊትና ከሳብኩ በኋላ ምን ማየት አለብኝ?

እኔ የምተኩሰው ዒላማ ላይ ነው። ከ50 እስከ 200 ሜትር፣ አንዳንዴ ወረቀት፣ አንዳንዴ የብረት ሰሌዳ። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የዒላማዎቼን ስፋት ከነርቀታቸው ጻፍኩ። ከዚያ አብረውኝ ከሚተኩሱ ጓደኞቼ ሁለቱንም ዓይነት ተውሼ በራሴ ጠመንጃ ላይ እየቀያየርኩ ሞከርኩ። መግዛት ለሚያስብ ሰው የምመክረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። ሱቅ ውስጥ መብራት ስር ሆኖ በሌንስ ማየትና ሜዳ ላይ ተኝቶ ማየት በጣም ይለያያሉ።

ከሬድ ዶቱ ልጀምር። ብዙ ሰው ሌዘር ይመስለዋል። አይደለም፤ ወደ ዒላማው የሚሄድ ብርሃን የለም። በውስጡ ያለች ትንሽ ኤልኢዲ መብራት ወደ ፊተኛው ሌንስ ታበራለች። ሌንሱ ቀዩን ብርሃን ወደ ዓይን የሚመልስ ስስ ሽፋን አለው። ነጥቡ በጣም ሩቅ ቦታ ላይ ያለ ስለሚመስል ዓይን ዒላማው ላይ ብቻ ያተኩራል። በብረት ማነጣጠሪያ ግን የኋላውን፣ የፊተኛውንና ዒላማውን ማስተካከል አለባችሁ፤ ሦስቱንም በአንዴ አጥርቶ የሚያይ ዓይን ደግሞ የለም። አይምፖይንት የተባለው የስዊድን ድርጅት የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ሲያወጣ ያቃለለው ይህንን ችግር ነው።

ስሞክረው ፍጥነቱ በጣም ደስ አለኝ። ሁለቱም ዓይኖች ክፍት ናቸው። ጭንቅላት ትንሽ ወደ ጎን ቢል ነጥቡ አይጠፋም። ዓይን ከማነጣጠሪያው ምን ያህል ይራቅ የሚል ጭንቀትም የለም። ጠመንጃውን ስታነሱ ነጥቡን ዒላማው ላይ ታገኙታላችሁ፤ በቃ። ቆሞ፣ ተንበርክኮ፣ ከአንድ ሰሌዳ ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ እየዞሩ ለመተኮስ የሚስተካከለው አላየሁም።

የነጥቡ መጠን ግን በደንብ መታሰብ አለበት። የሚለካው በኤምኦኤ ነው። አንድ ኤምኦኤ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ሲሆን በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲሜትር ያህል ይሸፍናል። ባለ 2 ኤምኦኤ ነጥብ በ100 ሜትር ወደ 6 ሴንቲሜትር፣ በ200 ሜትር ወደ 12 ሴንቲሜትር ይከልላል ማለት ነው። ባለ 6 ከሆነ በ200 ሜትር 35 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። የዒላማዬን ስፋት መጻፌ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳዬ 20 ሴንቲሜትር ስለሆነ ባለ 6ቱ ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፣ ባለ 2ቱ ግን ጠርዙን ያሳየኛል። ነጥቡን ከሚገባው በላይ ማድመቅም ያሳብጠዋል። ለመታየት ብቻ የሚበቃ ድምቀት ይሻላል።

በተዋስኩት ባለ 2 ኤምኦኤ ሬድ ዶት 200 ሜትር ላይ ያለውን ሰሌዳ እመታው ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ? ማየት። ሰሌዳው ጥላ ውስጥ ሲሆን ከጀርባው ካለው አፈር መለየት ያስቸግረኛል። ወረቀት ላይ ደግሞ ጥይቱ የት እንዳረፈ አላውቅም። ሄጄ እስካየው ድረስ ወደ ግራ ልሂድ ወደ ቀኝ ምንም ፍንጭ የለኝም። ተኩስ የሚሻሻለው ደግሞ የቀደመውን አይቶ የሚቀጥለውን በማረም ነው። ለኔ ማጉላት ማለት በዋናነት ይህ ነው፤ ከመተኮስ በፊት ዒላማውን መለየት፣ ከተኮሱ በኋላ ውጤቱን ማንበብ።

ሁለተኛው ነገር ዓይኔ ነው። ነጥቡ ለኔ ክብ አልነበረም። ጭራ ያለው፣ የተዘረጋ ኮማ ነው የሚመስለው። መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የስልክ ካሜራ ከኋላው አድርጋችሁ ነጥቡን ፎቶ አንሱት። ፎቶው ላይ ክብ ከሆነ ችግሩ ያለው ዓይን ላይ ነው። የኔ ፎቶ ክብ ሆኖ ወጣ። አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ቅርጽ እኩል ባለመሆኑ ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አለመሰብሰቡ) ያለበት ሰው ነጥቡን እንደዚህ ማየቱ የተለመደ ነው። መነጽር ማድረግ ያስተካክለዋል፤ ግን እኔ ስተኩስ መነጽሬ ቦታውን ስለሚለቅ አልተመቸኝም። ከሬድ ዶቱ ኋላ ባለ 3 እጥፍ ማጉያ ጨምሬም ሞክሬያለሁ። ዒላማውን አጎላልኝ፤ ኮማውንም አብሮ አጎላው።

ስኮፕ ላይ ይህ ችግር በጣም ይቀላል። የሚያነጣጥሩበት መስቀል መስታወት ላይ የተቀረጸ ወይም ከቀጭን ሽቦ የተሠራ ነው። ከኋላ ያለውን ቀለበት እያዞራችሁ ለራሳችሁ ዓይን ማጥራት ትችላላችሁ። ይህን ስታደርጉ ስኮፑን ከፀሐይ ርቆ ወዳለ ባዶ ሰማይ አዙሩት። ለአጭር ጊዜ ብቻ እያዩ አስተካክሉ፤ ዓይን ቶሎ ስለሚለምድ ረጅም ጊዜ ካያችሁ ያልጠራውም የጠራ ይመስላል።

ስኮፕ የራሱ ጣጣ አለው። የተዋስኩት ባለ 3-9x40 ነበር። 3-9 ማጉሊያው፣ 40 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 40ን ለማጉሊያው ስታካፍሉ ወደ ዓይናችሁ የሚገባውን የብርሃን ክብ ስፋት ታገኛላችሁ። በ3 ላይ 13 ሚሊሜትር ገደማ፣ በ9 ላይ 4.4 ብቻ። በ9 ላይ ጉንጭ ከሰደፉ ትንሽ ፈቀቅ ካለ ጥቁር ጥላ ይመጣል። የእጅ መንቀጥቀጥም አብሮ ይጎላል። የሚታየው ቦታም ስለሚጠብ ዒላማ ፍለጋ ጊዜ ይወስዳል። እኔ ከ6 በላይ ወጥቼ ያተረፍኩት ነገር አልነበረም። በ200 ሜትር 6 ይበቃል፤ ብዙ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ማጉሊያ የሚገዛ ይመስለኛል።

በመጨረሻ የገዛሁት 1-6x24 ስኮፕ ነው። በ1 ላይ ሁለት ዓይን ከፍቼ እተኩሳለሁ፣ በ6 ላይ 24 ለ6 ሲካፈል 4 ሚሊሜትር ይሰጠኛል። እውነቱን ለመናገር በ1 ላይ የሬድ ዶትን ያህል ፈጣን አይደለም። ጭንቅላት ቦታው ላይ መሆን አለበት። ክብደቱም አለ፤ ትንሽ ሬድ ዶት 100 ግራም አካባቢ ሲሆን እንዲህ ያለው ስኮፕ ከነማሰሪያው ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኪሎ ያልፋል። ዓይናችሁ ነጥቡን ክብ አድርጎ ካየና ዒላማችሁ ከ100 ሜትር ካላለፈ ሬድ ዶት ግዙ፤ ሌላ አትድከሙ። ባትሪው ያሳስበኛል ለሚል፣ አይምፖይንት ማይክሮ ቲ-2 በአንዲት ሲአር 2032 ባትሪ 50,000 ሰዓት እንዲበራ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ከአምስት ዓመት በላይ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። ስኮፕ ማየት ያስችላል ብያለሁ፤ ምን እንዳለ ለማጣራት ግን አይውልም። ስኮፑ ወደሚያይበት አፈሙዙም ይዞራል። ሰው ይሁን ሌላ ነገር ላልለያችሁት ነገር ባይኖኩላር ተጠቀሙ።

አገጣጠሙ ከምርጫው እኩል አልፍቶኛል። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ደጋግሜ ካየሁ በኋላ ስኮፑን ጠመንጃው ላይ የሚይዙትን ቀለበቶች ብሎኖች አምራቹ በጻፈው ልክ፣ ጥብቀት በሚለካ መፍቻ አጠበቅኩ። ከዚያ ብሎኑና ቀለበቱ ላይ የሚያልፍ ቀጭን የቀለም መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ላልቷል። ዜሮ ሳደርግ፣ ማለትም መስቀሉ ያለበትና ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ እንዲገጥሙ ሳስተካክል፣ በ25 ሜትር ጀምሬ ወደ 100 ሄድኩ። ሁልጊዜ ሦስት ጥይት ተኩሼ የሦስቱን መሃል ነው የማርመው፤ በአንድ ጥይት ማረም መንገድ ያስታል። የኔ ስኮፕ ማስተካከያ ቁልፍ ሲዞር የምትሰማው አንድ ቀጭታ በ100 ሜትር 1 ሴንቲሜትር ታንቀሳቅሳለች፤ በ25 ሜትር ግን ሩብ ሴንቲሜትር ብቻ ስለሆነች አራት እጥፍ መቁጠር ያስፈልጋል። ጥይቱ የሌላ ፋብሪካ ወይም የሌላ ክብደት ከሆነ የሚያርፍበት ቦታ ስለሚለወጥ፣ ዜሮ ያደረግኩበትን ጥይት ዓይነት ሳጥኑ ክዳን ላይ ጽፌ አስቀምጫለሁ።