አራት ሆነን ለየብቻ የተሰበሰብንበት እሑድ

በአራት አገሮች የምንማር ተማሪዎች በኢንተርኔት የጋራ ጥናት እንድንሠራ በአንድ ቡድን ስንመደብ፣ የኮርሱ መመሪያ መጀመሪያ ትውውቅ፣ ቀጥሎ የጋራ ሥራ፣ በመጨረሻም ግምገማ እንደሚኖር ነግሮን ነበር። ትውውቁ እጅግ አማረ፤ እያንዳንዳችን በተመቸን ጊዜ ቪዲዮ ቀርጸን ከመላክ በቀር በአንድ ሰዓት መገኘት የሚባል ነገር አልነበረበትም። ጉዱ የመጣው «በቀጥታ እንገናኝ» ሲባል ነው።

ኦገስት ላይ፣ የኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ በጀርመን ሰዓት 14፡00 ላይ እንድንሰበሰብ ተስማማን። አስተባባሪያችን የሙኒክ ልጅ ስለነበረች በእሷ ሰዓት መቀጣጠሩ ያስማማል ተባለ። ይህን ሁሉ ስሌት የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ በራሱ ይሠራው ነበር፤ ነገር ግን አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባሉበት ማን መተግበሪያ ይለምናል!

በዕለቱ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ልክ 12፡00 ላይ ገባሁ። በምኖርበት አገር ሰዓት ወደፊትም ወደኋላም ስለማይል የኦገስቱ ሒሳቤ እንዳለ ነበር። ሰው የለም። የጋራ ሰነዳችንን ስከፍት ግን የሳንቲያጎው ልጅ «ግማሽ ሰዓት ጠበቅኳችሁ፤ በደኅና ነው?» ብሎ አገኘሁ። ለካ ቺሊ በሴፕቴምበር ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ ኖሯል፤ እሱ በቀድሞው ስሌት መጥቶ፣ በ11፡00 ገብቶ ሄዷል።

ከሩብ ሰዓት በኋላ የካትማንዱው ልጅ ብቅ አለ። ኔፓል ከዓለም አቀፉ ሰዓት የምትቀድመው በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው፤ እሱ ደግሞ ይህቺ ጎዶሎ ሰውን እንዳታስቸግር ብሎ ሙሉ 6 አድርጓት ነበር። በሒሳብ ላይ እንዲህ ያለ ይሉኝታ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሁለታችን ስለ ፈተና እየተጨዋወትን ጠበቅን፣ ጠበቅን፣ በመጨረሻም ከሳንቲያጎው ማስታወሻ ሥር የራሳችንን ጽፈን ተሰነባበትን።

አስተባባሪያችን በ13፡00፣ ማለትም በእሷ ሰዓት ከ14፡00 አንዲት ደቂቃ ሳታዛንፍ ገባች። በዚያው ሌሊት ጀርመን ሰዓቷን ከ3 ወደ 2 መልሳ ስለነበር እኛ ከሄድን በኋላ ደረሰች። እሷም «ቀጠሯችን 14፡00 ነው» የሚል ሦስተኛ ማስታወሻ ጨመረች፤ የፈገግታ ምልክት የሌለበት የመጀመሪያ ጽሑፏ ነበር። ቀጥሎ በነበሩት ቀናት ሁላችንም ስሌታችንን እየዘረገፍን ተከራከርን፤ በውላችን ቃል የረታችው እሷ መሆኗ አይካድም፤ ብቻዋን ተሰብስቦ መርታት ግን ምን ይረባታል?

የስብሰባው ሶፍትዌር በበኩሉ የስብሰባው ክፍል ከ11፡00 እስከ 13፡30 ክፍት እንደነበረና አራታችንም እንደተገኘን መዝግቦ ለመምህራችን ልኳል። እሳቸውም፣ ሌሎቹ ቡድኖች ገና ሰዓት ሳይሞላቸው ሲበተኑ እኛ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ መወያየታችንን በአድናቆት ጠቅሰው፣ የአሠራር ልምዳችንን ለመላው ክፍል በቀጥታ እንድናካፍል አዘዙን። ቀኑንም ራሳቸው ቆረጡልን፤ የኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ በእሳቸው ሰዓት ጠዋት። መምህራችን የሚኖሩት አሜሪካ ነው፤ አብዛኛው የአሜሪካ ግዛት ሰዓቱን የሚመልሰውም በዚያችው እሑድ ነው።